ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን፦ የጤና ባለሙያው ሊለየውና ሊያደርገው የሚገባ

መግቢያ

በኢሉባቦር ዞን ከመቱ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎሬና በአካባቢዋ የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ የየቤቱ ግቢ መልኩ ይለወጣል። የተለቀመው ቡና በሰሌን ላይ ይሰጣል፤ ዶሮዎች በመካከሉ ይመላለሳሉ፤ እናት ቡናውን በእጇ እየገለበጠች ሳለ ገና መዳህ የጀመረው ልጇ አጠገቧ ይቀመጣል። ሕፃኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ የቡና ፍሬ፣ የሰሌኑን ጫፍ፣ ጭብጥ አፈርና የዶሮ ላባ በየተራ ወደ አፉ ይወስዳል። እናቱ ታወጣበታለች፤ እርሱ ደግሞ ሌላ ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱ ትዕይንት በጎሬ ብቻ ሳይሆን ሕፃን ባለበት ግቢ ሁሉ የሚታይ ነው።

ይህች እናት ለክትባት ወይም ለክብደት ክትትል ወደ ጤና ኬላ በመጣች ጊዜ «ልጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል፤ ምን ይሻላል?» ብላ ብትጠይቅ ብዙ ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ታገኛለች። አንደኛው «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሆድ ትል ይሆናል» ተብሎ የሚሰጥ ክኒን ነው። እያንዳንዱ መልስ ለአንዳንድ ሕፃናት ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዕድሜው፣ ወደ አፉ የሚያስገባው ነገርና የሚውጠው መሆን አለመሆኑ ሳይጠየቅ የተሰጠ መልስ ደኅና የሆነውን ልጅ ለማያስፈልግ ሕክምና፣ የታመመውን ደግሞ ለከፋ አደጋ ሊዳርገው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጤነኛውን ልማድ ከሕመም ምልክት ለመለየት የሚረዳውን እውቀት ማቅረብ፣ በሁለቱም ሁኔታ ላይ ያለውን ልጅ ከአደጋ ለመጠበቅ የሚቻልበትንም መንገድ ማመልከት ነው።

አፍ እንደ መማሪያ መሣሪያ

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሰውነቱ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚያዘው አፉን ነው። እጆቹን እንደ ልቡ ማዘዝ ከመቻሉ በፊት መጥባትና መዋጥ ይችላል፤ ከንፈሩና ምላሱም ለንክኪ እጅግ ንቁ ናቸው። ስለሆነም ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ እጁን ወደ አፉ መውሰድ ሲጀምር የነገሮችን ልስላሴና ሸካራነት፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ቅርጽና ጣዕም የሚመረምረው በአፉ ነው።

ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ መቀመጥ፣ ቀጥሎም መዳህ ሲችል የሚደርስበት ነገር ይበዛል። ወደ 9 ወር ሲጠጋ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጥቃቅን ነገር ማንሳት ይለምዳል። ይህ ለእጁ ትልቅ የዕድገት እርምጃ ሲሆን ለአደጋ የሚያጋልጠውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ሊያነሳው ያልቻለውን የቡና ፍሬ ወይም የባቄላ ክክ አሁን ያነሳዋልና። ልማዱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በዓይኑና በእጁ መመርመርን፣ በቃልም መጠየቅን ሲማር እየቀነሰ ይሄዳል። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ሕፃናት በእጅጉ ይቀንሱታል።

ከዚህ የምንረዳው የ8 ወር ሕፃን ነገሮችን ወደ አፉ ማስገባቱ ጉድለት ሳይሆን ዕድገቱን የሚያሳይ መሆኑን ነው። እጁን በጨርቅ ማሰር፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባ አዝሎ ማዋል፣ መቆጣት ወይም መምታት ልማዱን አያስቀረውም፤ የመማሪያውን በር ግን ይዘጋበታል። እንዲያውም ወደ አፉ ምንም ነገር የማይወስድ፣ ዕቃ ሲያቀርቡለት እጁን የማይዘረጋ የ9 ወር ሕፃን የዕድገት ምርመራ ያስፈልገዋል። ወላጆች ሊያተኩሩ የሚገባቸው የልጁን እጅ በመከልከል ላይ ሳይሆን እጁ የሚደርስበትን ቦታና ዕቃ በመምረጥ ላይ ነው።

«ጥርስ ነው» የሚለው ግምት

ሕፃኑ ነገሮችን ወደ አፉ በብዛት በሚያስገባበት ወቅት ሌሎች ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ። የመጀመሪያዎቹ የፊት ጥርሶች በ6 ወር ገደማ መውጣት ይጀምራሉ፤ እናቱም ተጨማሪ ምግብ መስጠት ትጀምራለች። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድዱን በጣቱ ያሻል፣ ያገኘውንም ይነክሳል። በዚሁ ወቅት ተቅማጥ ሲይዘው ቤተሰቡ ምክንያቱን ከጥርሱ ጋር ያያይዘዋል።

በጥርስ መውጣት ሳቢያ ሕፃኑ ሊነጫነጭ፣ ለሃጩ ሊበዛና የሰውነቱ ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን የጥርስ ምልክቶች አይደሉም። ተቅማጡን የሚያመጡት ባልታጠበ እጅ፣ ባልተጠበቀ ምግብና ውኃ፣ እንዲሁም ከመሬት በተነሳ ዕቃ አማካኝነት ወደ አፉ የሚገቡ ተሕዋስያን ናቸው።

ግምቱ የተሳሳተ መሆኑ ብቻውን ብዙ ባልጎዳ ነበር፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከግምቱ ተነሥቶ በሚወሰደው እርምጃ ነው። በአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች «የወተት ጥርስ» እየተባለ የሕፃኑን ድድ በስለት ወይም በተሳለ ብረት ቀድዶ ገና ያልወጣውን የክራንቻ ጥርስ እንቡጥ ማውጣት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ጎጂ ልማድ ነው። ያበጠ የመሰለው ድድ በቦታው ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው፤ ክራንቻ የሚወጣው ከሌሎቹ የፊት ጥርሶች ዘግይቶ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ላይ በመሆኑ ድዱን ለብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። ድርጊቱ ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ ቴታነስንና በደም የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችን ያስከትላል፤ ከሥር የሚገኘውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ከሁሉም በላይ በተቅማጥ የተዳከመው ሕፃን ፈሳሽ ማግኘት በሚገባው ሰዓት ወደ ስለት እንዲሄድ ያደርገዋል።

ስለሆነም ተቅማጥ ይዞት የመጣን ሕፃን የሚያይ ባለሙያ ድዱንና አፉንም መመልከት፣ «ጥርሱን ለማስወጣት አስባችሁ ነበር?» ብሎ ያለ ነቀፋ መጠየቅ ይገባዋል። ሕይወት የሚያድነው ሕክምና የታወቀ ነው፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ጡትና ምግብ አለማቋረጥ፣ ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን መስጠት። ለድዱ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ የፈላ ውኃ አርሶ እንዲነክስ ማድረግ ይበቃዋል።

አፈርና የዶሮ ኩስ

ጎሬ በአገሪቱ ውስጥ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዷ ናት። ግቢው የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል እርጥብ ነው። እርጥብና ጥላ ያለበት አፈር ደግሞ ለወስፋት እንቁላል ምቹ ነው፤ እንቁላሉ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ለዓመታት በሽታ የማስያዝ ኃይሉን እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። በዚያ አፈር ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን በላሰ ቁጥር ለወስፋት ይጋለጣል።

ሌላው ምንጭ ከቤት እንስሳት የሚወጣው ቆሻሻ፣ በተለይም የዶሮ ኩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚምባብዌ ገጠር የወጣ ጥናት ሕፃናትን ለሰዓታት በመከታተል አንዳንዶቹ አፈርና የዶሮ ኩስ በቀጥታ ወደ አፋቸው እንደሚያስገቡ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ዶሮ ማርባት ከልጆች የተሻለ የቁመት ዕድገት ጋር ሲዛመድ፣ ዶሮዎቹን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር ግን ከተቃራኒው ውጤት ጋር እንደሚዛመድ አመልክቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዶሮ አታርቡ የሚል አይደለም፤ እንቁላሉ ለልጁ ያስፈልገዋል። ዶሮዋ ከሕፃኑ የመኝታና የመጫወቻ ቦታ ትለይ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው የታወቀው በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶችም ልብ ሊባሉ ይገባል። መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የውኃ ማከሚያ ለቤተሰቦች ቢሰጥም የሕፃናቱ ቁመት በዚህ ብቻ አልተሻሻለም። ለዚህ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ እነዚህ ሥራዎች ሕፃኑ በቀጥታ ከመሬት አንሥቶ የሚበላውን አልነኩም የሚል ነው። በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእናቶች የሚሰጠው የንጽሕና ትምህርት የአዋቂዎችን እጅና መጸዳጃ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑ የሚድህበትንም ወለል መመልከት ይኖርበታል።

የትል መድኃኒትን በተመለከተ፣ በክልሉ የመድኃኒት ዘመቻ የሚሰጠውን በጊዜው ማግኘት አለበት። አልቤንዳዞል ከ12 እስከ 23 ወር ለሆነ ሕፃን 200 ሚሊ ግራም፣ ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በሆድ ያለውን ትል እንጂ ልማዱን አያጠፋም፤ ግቢው እንደነበረ ከሆነ ትሉ ይመለሳል።

ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ባዕድ ነገር

ተቅማጥና ወስፋት ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። አየር ቧንቧን የሚዘጋ ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመንጋጋ ጥርሶቹ ያልተሟሉ በመሆናቸው ጠንካራ ነገር አድቅቆ ማላም አይችልም፤ ነገር በአፉ ይዞ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው ቆሎ፣ የተቆላ ባቄላ፣ ሽምብራና ለውዝ፣ የበቆሎና የቡና ፍሬ፣ እንዲሁም የጌጥ ዶቃና የእስክሪብቶ ክዳን ሁሉ ወደ አየር ቧንቧ ሊገቡ የሚችሉ ናቸው።

ልጁ ማሳል የሚችል ከሆነ እንዲያስል ማበረታታት እንጂ ጀርባውን መምታት ወይም ጣት ወደ አፉ መክተት አይገባም። ማሳል፣ ማልቀስና መተንፈስ ካልቻለ ግን እርዳታው ወዲያውኑ ይጀመራል። ከ1 ዓመት በታች ያለው ሕፃን ራሱ ወደታች ዘንበል ብሎ በእርዳታ ሰጪው ክንድ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በእጅ መዳፍ ተረከዝ ይመታል። ካልወጣ በጀርባው ተገልብጦ በደረቱ መካከል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫናል። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ጀርባውን 5 ጊዜ ከመምታት ቀጥሎ ከኋላው ሆኖ ከእምብርቱ በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን ነው። እቃው እስኪወጣ ወይም ልጁ ራሱን እስኪስት ድረስ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። ራሱን ከሳተ የልብና የመተንፈሻ እርዳታ ይጀመራል፤ በአፉ ውስጥ በዓይን የታየ ነገር ብቻ ይወጣል። ሳይታይ በጣት መጎርጎር እቃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና አይደረግም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፍሬው ከዋናው የአየር ቧንቧ አልፎ ወደ አንዱ ሳንባ ቅርንጫፍ፣ ይበልጡን ወደ ቀኙ፣ ሲገባ የመጀመሪያው ትንታና ሳል ይበርዳል፤ ልጁም ደኅና የሆነ ይመስላል። ይህ የዝምታ ጊዜ ለሰዓታት፣ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። እንደ ባቄላና ለውዝ ያለ የእህል ዘር በእርጥበት ያብጣል፤ በዙሪያውም ብግነት ይፈጥራል። በመጨረሻ ልጁ በሳል፣ በትኩሳትና በሲርሲርታ ሲመጣ «የሳንባ ምች» ወይም «አስም» ተብሎ ይታከማል፤ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጥቂት ይሻለዋል፤ ከዚያም ይመለስበታል።

ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በሳል ሲመጣ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ አጭር ጥያቄ አለ፦ «ሳሉ የጀመረው በድንገት፣ ሲበላ ወይም ሲጫወት ትን ብሎት ነበር?» የሚል ነው። እናት ካልነበረች የነበረው ታላቅ ልጅ ይጠየቅ። በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ሲርሲርታ፣ በአንድ ወገን የቀነሰ የአየር አገባብ፣ በአንድ ቦታ የሚደጋገም የሳንባ ምች፣ ለአስም መድኃኒት ያልተመለሰ ሲርሲርታ እያንዳንዳቸው ባዕድ ነገር እንዲጠረጠር ያስገድዳሉ። የእህል ዘር በራጅ አይታይም፤ ራጁ ደኅና መሆኑም ጥርጣሬውን አያስቀርም። ትንታው በግልጽ ከተነገረ ምልክቱ ቢጠፋ እንኳ ልጁ ለብሮንኮስኮፒ መላክ አለበት። ይህ ምርመራ በጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች የሚሠራ ነው፤ ከመቱ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ሲታሰብ በጤና ጣቢያ የጠፋ አንድ ሳምንት ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ስለዚህ በጥርጣሬ ጊዜ በስልክ ተነጋግሮ ልጁን አገልግሎቱ ወዳለበት በቀጥታ መላክ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ከማንከራተት ያድነዋል።

የተዋጠ ክብ ባትሪ

ከሚዋጡ ነገሮች ሁሉ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው በሰዓት፣ በመጫወቻና በትናንሽ መብራቶች ውስጥ የሚገኘው ሳንቲም መሰል ክብ ባትሪ ነው። በምግብ ቧንቧ ተሰክቶ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። በራጅ ሳንቲም ሊመስል ቢችልም ዳሩ ሁለት ቀለበት ይሠራል። ልጁ ከ12 ወር በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ መዋጥም ከቻለ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ቃጠሎውን ይቀንሳል፤ ማር ደግሞ ከኢሉባቦር ቤት አይጠፋም። ነገር ግን ማሩ ባትሪውን አያወጣውም፤ ለማር ተብሎም ጉዞ አይዘገይም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማንኛውንም የዋጠ ልጅ ማስመለስ አይገባም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሚቀጥል ልማድ

ልጁ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ ምግብ ያልሆነን ነገር፣ አፈር፣ የግድግዳ ምርጊት፣ ከሰል፣ አመድ ወይም ወረቀት፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል ደጋግሞ የሚበላ ከሆነ ሁኔታው ፓይካ ይባላል። እዚህ ላይ በአፍ መያዝና መዋጥ መለየት አለባቸው። የሸሚዙን አንገትጌ የሚያኝክ የ3 ዓመት ልጅና ከግድግዳ ጭቃ እየፈረፈረ የሚውጥ የ3 ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የብረት ማዕድን እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 ከመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በ2011 ከተመዘገበው 44 ከመቶ ከፍ ያለ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የብረት ክምችት ከ6 ወር በኋላ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ምግቡ በቆሎና ሥራሥር ብቻ ከሆነ፣ ከምግብ ጋርም ሻይ ወይም ቡና የሚቀመስ ከሆነ እጥረቱ ይፋጠናል። እጥረቱና አፈር መብላት እርስ በርሳቸው ይመጋገባሉ፦ እጥረቱ ልጁን ወደ አፈር ይመራዋል፤ አንዳንድ የአፈር ዓይነት ከምግብ ያገኘውን ብረት ይዞ ያስቀርበታል። በባዶ እግር ከመሬት የሚገባው መንጠቆ ትል ደግሞ ደሙን ይመጣል።

የመዳፍና የዓይን ሽፋን መገርጣት በማንኛውም ጤና ኬላ ሊታይ ይችላል። ሄሞግሎቢን ሲለካ ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኗ ይታሰብ፤ በከፍታ ቦታ መደበኛው መጠን ከፍ ስለሚል ማስተካከያ ካልተደረገ መጠነኛ የደም ማነስ ሳይታወቅ ያልፋል። ሕክምናው ንጹሕ የብረት መጠኑ በኪሎ ግራም ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም የሆነ መድኃኒት በየቀኑ ለ3 ወር ያህል መስጠት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ 1 ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ ምክንያቱ የብረት እጥረት እንደነበረ ያረጋግጣል። ከባድ የምግብ እጥረት ላለበት ልጅ በሕክምናው የመጀመሪያ ምዕራፍ ብረት አይሰጥም፤ ትኩሳት ካለው ወባ አስቀድሞ ይመረመራል። የብረት ክኒንና ሽሮፕ ራሱ በብዛት ከተዋጠ መርዝ ነውና ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም የሚፈረፍርበት መስኮትና አልጋ፣ በግቢ የተሰበረ የመኪና ባትሪ ዋነኛ ምንጮች ናቸው። ልጅ ከዋጠው እርሳስ እስከ ግማሽ ያህሉን ወደ ደሙ ያስገባል፤ አዋቂ ግን አንድ አሥረኛ ገደማ። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ከዚህም የበለጠ ይወስዳል። ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስን የሚገድብ ደንብ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በየቤቱ አለ።

ሦስተኛው የአእምሮ ዕድገት ዝግመትና ኦቲዝም ነው። ልማዱ ከ2 ዓመት በኋላ ከቀጠለ ባለሙያው ልጁ በስሙ ሲጠራ መዞሩን፣ በጣቱ ማመልከቱን፣ ቃላት ማገጣጠሙን፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወቱን መጠየቅ አለበት። እነዚህ ከጎደሉ አፈር መብላቱ የትልቁ ችግር አንድ ምልክት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለእንዲህ ያሉ ልጆች ፈር ቀዳጅ ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠናም በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል። የሥልጠናው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ ልጁ ወደ አፉ የሚወስደው መቼ እንደሆነ መመልከት፣ ሲሰለች፣ ሲርበው ወይስ ሲጨነቅ መሆኑን መለየት፣ ያንን ክፍተት አስቀድሞ በጨዋታ ወይም በምግብ መሙላት፣ ሊያኝከው የሚችል ንጹሕና ጠንካራ ነገር መተካት፣ ሲተው ማመስገን። በጣቱ ላይ ሚጥሚጣ ወይም እሬት መቀባት ያሠቃየዋል እንጂ ሌላ መንገድ አያስተምረውም።

አራት ጥያቄዎች

በተጨናነቀ የሥራ ሰዓት የሚከተሉት አራት ጥያቄዎች በሁለት ደቂቃ ተጠይቀው ያልቃሉ። እናቶች በሚናገሩት ቋንቋ፣ በአካባቢው ይበልጡን በአፋን ኦሮሞ፣ ቢጠየቁ መልሱ የተሟላ ይሆናል።

1. ዕድሜው ስንት ነው? ከ2 ዓመት በታች ከሆነና ዕድገቱ ደኅና ከሆነ ምክር ይበቃል፤ ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ምርመራ ይጨመራል።

2. ምንድን ነው የሚያስገባው? ያገኘውን ሁሉ ነው ወይስ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ አፈር ብቻ፣ እየመረጠ? መምረጡ ወደ ብረት እጥረት ያመለክታል።

3. ይውጠዋል ወይስ ይተፋዋል? ከመቼ ጀምሮ?

4. ትን ብሎት ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ያልለቀቀው ሳል አለ?

ከዚህ ጋር ክብደቱ፣ መዳፉና የሁለቱም ወገን ሳንባ ይታያል። እናት ነፍሰ ጡር ከሆነች እርሷም አፈር ወይም ከሰል ያምራት እንደሆነ ትጠየቅ፤ በአንድ ቤት የእናትና የልጅ ደም ማነስ አብሮ ይገኛልና።

ለቤተሰብ የሚሰጥ ምክር

ምክሩ እናቲቱ ባላት ዕቃና ጊዜ ልትፈጽመው የምትችል መሆን አለበት። ግቢውን በሙሉ አጽጂ ማለት ቡና ለምታደርቅ እናት የማይሆን ነገር ነው። ሊሆን የሚችለው አንድ ጥግ ለሕፃኑ መለየት ነው፦ የሚታጠብ ሰሌን ወይም ምንጣፍ፣ ዶሮ የማይደርስበት፣ ከምድጃና ከከሰል የራቀ። በላዩ የእንጨት ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ኩባያና ትንሽ ቅል ታጥበው ይቀመጡለታል፤ እነዚህን እንደ ልቡ ይንከስ። ስፋቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያንስ ማንኛውም ዕቃ ከሕፃኑ አጠገብ ይነሣ። እጁ ከመመገቡ በፊትና ከመሬት ሲነሣ በሳሙና ይታጠብ።

በቡና ሰዓት ቆሎና ለውዝ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ የወደቀውም ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ይጠረግ። ታላላቅ ልጆች ለሕፃኑ ምን ማቀበል እንደማይገባ ይነገራቸው፤ ብዙ ጊዜ ጠባቂዎቹ እነርሱ ናቸውና። ላምባና በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ከ6 ወር ጀምሮ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ሲገኝ ሥጋ በምግቡ ይጨመር። በማዋለጃ ክፍል ደግሞ እትብቱን ከመቋጠር በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ መቆየት ለሕፃኑ የመጀመሪያዎቹ ወራት የብረት ስንቅ እንደሚሆነው አዋላጆች ሊያስታውሱት ይገባል።

ማጠቃለያ

ሕፃን ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው፤ ስለዚህ እጁን ማሰር ሳይሆን እጁ የሚያነሣውን ማጽዳትና መምረጥ የቤተሰብ ድርሻ ነው። ይህን ማስተማርና ከልማዱ በስተጀርባ የተሸሸገውን ሕመም መለየት ደግሞ የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ጤና ኬላም ሆነ መቱ ካርል ሆስፒታል ለመጣች እናት «ይተወዋል» የሚለው መልስ ሊሰጥ የሚችለው አራቱ ጥያቄዎች ከተጠየቁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጤነኛው ሕፃን ድዱ ሳይነካ ወደ ሰሌኑ ይመለሳል፤ በሳንባው የባቄላ ክክ የያዘው ልጅም ሦስተኛ ዙር የሳንባ ምች መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ወደሚድንበት ይላካል።